ከአሳታሚው ጋር ጠብ ሲመጣ፦ የጌም ስቱዲዮ መሪዎች ውላቸውን፣ ገንዘባቸውንና ቡድናቸውን የሚጠብቁበት መንገድ

በአሳታሚና (ጌሙን በገንዘብ ደግፎ ለገበያ በሚያቀርበው ኩባንያ) በስቱዲዮ መሪዎች መካከል የሚነሳ ጠብ ላይ ላዩን ሲታይ ስለ ጌሙ ጥራት ወይም ስለሚወጣበት ቀን ይመስላል። ወደ ውስጥ ሲገቡ ግን ጥያቄው ሁለት ነው፦ የመጨረሻው ውሳኔ የማን ነው? ማንስ በየትኛው ቀን ስንት ይከፈለዋል? የሁለቱ መልስ በወረቀት ላይ ካልሰፈረ፣ የክፍያው ቀን ሲቃረብ መልካም ግንኙነት ብቻውን አያዛልቅም።

የቅርቡን ምሳሌ እንውሰድ። የደቡብ ኮሪያው የጌም ኩባንያ ክራፍተን የሰብኖቲካ ጌም ሠሪ የሆነውን አንኖውን ወርልድስን እ.ኤ.አ. በ2021 በ500 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ስቱዲዮው በተወሰነ ጊዜ ውስጥ የተቀመጠለትን የገቢ ግብ ከመታ እስከ 250 ሚሊዮን ዶላር ተጨማሪ ሊከፍልም ተስማማ። በጁላይ 2025 ሦስቱን መሪዎች፣ ቻርሊ ክሊቭላንድን፣ ማክስ መጋየርንና ቴድ ጊልን፣ ከኃላፊነት አነሳ። በዚያው ዓመት በኧርሊ አክሰስ (ጌሙ ሳይጠናቀቅ ለገዢዎች በሚቀርብበት መንገድ) ሊወጣ የታሰበው ሰብኖቲካ 2 ወደ 2026 ተገፋ። ጉዳዩ በአሜሪካ ዴላዌር ግዛት የኩባንያ ክርክሮችን በሚያየው ቻንስሪ ፍርድ ቤት ቀረበ። መሪዎቹ ጌሙ የተገፋው ተጨማሪውን ገንዘብ ላለመክፈል ነው አሉ፤ ክራፍተን በበኩሉ ጌሙ አልደረሰም፣ መሪዎቹም ኃላፊነታቸውን ችላ ብለዋል ሲል ተከራከረ። በሁለቱም ወገን ክርክር ውስጥ ያ የክፍያ ቀነ ገደብ አለ።

ከዚህ በታች ያለው የተጻፈው ለስቱዲዮ መሪዎች ነው። ጠበቃን አይተካም፤ ጠበቃ ዘንድ ስትሄዱ ግን ባዶ እጃችሁን እንዳትሄዱ ይረዳል።

በመጀመሪያ የትኛው ጠብ ውስጥ እንዳላችሁ ለዩ

ስቱዲዮው የራሳችሁ ሆኖ አሳታሚው በውል ገንዘብ የሚያቀርብ ከሆነ፣ የጠቡ ሜዳ ማይልስቶን (ሥራው በደረጃ ተከፍሎ የሚረከብበትና የሚከፈልበት ምዕራፍ)፣ የርክክብ ተቀባይነትና የጌሙ ባለቤትነት ነው። አሳታሚው ስቱዲዮውን ገዝቶ እናንተን በመሪነት ያስቀጠለ ከሆነ ደግሞ ሁለት ባርኔጣ ደርባችኋል፤ የአሳታሚው ተቀጣሪዎች ናችሁ፣ በሽያጩ ውል ደግሞ ገንዘብ ጠያቂዎች ናችሁ። ብዙ መሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። እንደ ሻጭ ያላቸውን መብት ተማምነው እንደ ተቀጣሪ ያለባቸውን ግዴታ ይጥሳሉ፤ አሳታሚው ደግሞ ያንኑ ጥሰት ለስንብት ምክንያት ያደርገዋል።

ቀጥሎ ወረቀቶቹን ሁሉ አንድ ቦታ ሰብስቡ፦ የሕትመት ወይም የሽያጭ ውሉን፣ የእያንዳንዱን መሪ የቅጥር ውል፣ ማሻሻያዎችን፣ የማይልስቶን ሠንጠረዡን፣ የጉርሻ ደብዳቤዎችን። ከእነዚህ አንድ ገጽ ካርታ አውጡ። በአንዱ ዓምድ ውሳኔው፣ በሁለተኛው ወሳኙ፣ በሦስተኛው ቀኑ፣ በአራተኛው የአንቀጹ ቁጥር ይግባ። ለሌላው ወገን የሚሰጥ ይፋዊ ማስታወቂያ በምን መንገድ እንደሚላክ የሚናገረውን አንቀጽ በቀይ አስምሩበት። ውሉ ማስታወቂያ በአደራ ፖስታ ለሕግ ክፍሉ ይላክ የሚል ከሆነ፣ ሥራችሁን በአሳታሚው በኩል ለሚከታተለው ፕሮዲዩሰር በቻት የጻፋችሁት ቅሬታ የቱንም ያህል ግልጽ ቢሆን እንዳልተላከ ሊቆጠር ይችላል።

የፈጠራ ነጻነት የሚለው ሐረግ ብቻውን አይበቃም

ጄሰን ዌስትና ቪንስ ዛምፔላ የኮል ኦፍ ዱቲ ጌም ሠሪ የሆነው የኢንፊኒቲ ዋርድ መሪዎች ሳሉ በ2008 ከስቱዲዮው ባለቤት ከአክቲቪዥን ጋር በተፈራረሙት ስምምነት በሞደርን ዋርፌር ጌሞች ላይ የፈጠራ ቁጥጥር አግኝተው ነበር። ሞደርን ዋርፌር 2 በኖቬምበር 2009 ወጥቶ በገበያው ነገሠ። ማርች 1 ቀን 2010 ሁለቱም ተባረሩ፤ አክቲቪዥን ያቀረበው ምክንያት ውል መጣስና አለመታዘዝ ነበር። ሁለቱ ከሰሱ፣ አክቲቪዥንም መልሶ ከሰሰ፤ ችሎት ሊጀመር ሲል በሜይ 2012 መጨረሻ ተስማሙ። ከስንብቱ እስከ ስምምነቱ ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ገደማ ወስዷል። እንግዲህ በጽሑፍ የተሰጠ የፈጠራ ቁጥጥር እንኳ ከስንብት አላዳነም። የፈጠራ ቁጥጥርና የመሪው ወንበር በአንድ አንቀጽ ካልተሳሰሩ፣ ወንበሩን የወሰደ ቁጥጥሩንም ይወስዳል።

ስለዚህ ነጻነቱን በውሳኔ በውሳኔ ዘርዝሩት። ጌሙ የሚወጣበት ቀን፣ በኧርሊ አክሰስ መውጣት አለመውጣቱ፣ ዋጋው፣ የሚወጣባቸው መድረኮች፣ ቅጥርና ስንብት፣ ከጸደቀው በጀት በስንት በመቶ ማለፍ እንደሚቻል፣ ጌሙን በገበያ ማስተዋወቅ መቼ እንደሚጀመር፤ ለእያንዳንዳቸው ወሳኙ ይጻፍ። እንዲህ ዓይነት አረፍተ ነገር ጠበቃችሁ አስተካክሎ ሊያስገባው ይችላል፦

«ጌሙ በኧርሊ አክሰስ የሚወጣበትን ቀን ስቱዲዮው ይወስናል። አሳታሚው መቃወም የሚችለው በአባሪ 3 ከተዘረዘሩት የጥራት መለኪያዎች ያልተሟላውን ለይቶ፣ የስቱዲዮው ማስታወቂያ በደረሰው በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ ሲያሳውቅ ብቻ ነው።»

የዚህ አረፍተ ነገር ጉልበት ያለው አባሪ 3 ላይ ነው። ጌሙ ዝግጁ አይደለም የሚለው ክርክር መለኪያ ከሌለው ማለቂያ የለውም። በአባሪው ውስጥ የሚቆጠር ነገር አስገቡ፦ በተባለው ኮምፒውተር ላይ በሰከንድ ቢያንስ 60 ፍሬም፣ ጌሙን የሚዘጋ የታወቀ ስህተት ዜሮ፣ የጨዋታ ይዘት ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ወይም ለእናንተ ጌም የሚስማማ ሌላ ቁጥር።

ከበቂ ምክንያት ጋር የሚደረግ ስንብት ምን እንደሆነም ይተርጎም። «አለመታዘዝ» ወይም «የኩባንያውን ጥቅም መጉዳት» የሚሉ ሰፋፊ ቃላት ለአሳታሚው ክፍት በር ናቸው። ማጭበርበር፣ ከባድ ወንጀል፣ በጽሑፍ ተነግሮ በ30 ቀን ያልታረመ መሠረታዊ የውል ጥሰት በሚል ይጥበብ።

ተጨማሪው ገንዘብ የሚጠፋባቸው ቀዳዳዎች

ከሽያጭ በኋላ በውጤት የሚከፈለው ገንዘብ፣ በሙያው አጠራር ኧርንአውት፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠፋው ከትርጉም አንቀጽ ውስጥ በአንድ ቃል ነው። በምሳሌ እናስላው። ግቡ 10 ሚሊዮን ዶላር ገቢ ነው፣ ጌሙ 30 ዶላር ይሸጣል፣ በመስኮቱ (ውሉ ገቢው እንዲለካበት በወሰነው ጊዜ) ውስጥ 400,000 ቅጂ ተሸጧል እንበል። ጠቅላላው 12 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ ግቡ ታልፏል። ውሉ የተጣራ ገቢ የሚል ከሆነስ? 5 በመቶ ተመላሽ ሲቀነስ 11.4 ሚሊዮን ይቀራል። የኮምፒውተር ጌሞች መደብር የሆነው ስቲም በመደበኛነት የሚወስደው 30 በመቶ ሲነሳ 7.98 ሚሊዮን ይሆናል። ጌሙ ያው፣ ሽያጩም ያው፤ ክፍያው ግን ዜሮ።

ዜሮ የሚሆነው ደግሞ ክፍያው እንደ ገደል ስለተቀረጸ ነው። 9.99 ሚሊዮን ምንም አያስገኝም፣ 10 ሚሊዮን ሁሉንም ያስገኛል። እንዲህ ያለ ገደል ለሁለቱም ወገን አደገኛ ፈተና ነው፤ አሳታሚው ጌሙን በጥቂት ሳምንታት በማዘግየት ብዙ ገንዘብ ይቆጥባል፣ መሪዎቹም ያልበሰለ ጌም ለማውጣት ይገፋፋሉ። ከ6 ሚሊዮን ጀምሮ እየጨመረ የሚሄድ የደረጃ ክፍያ ጠይቁ። ድምሩ ትንሽ ቢያንስም ተቀበሉት፤ የጠቡን ግማሽ ከወዲሁ ያስቀረዋል።

ሌሎች ሦስት መከላከያዎች ሳይገቡ አትፈርሙ። አንደኛው፣ አሳታሚው በራሱ ውሳኔ ጌሙን ካዘገየ የመለኪያው መስኮት በዚያው ቀን ቁጥር ይራዘም። ሁለተኛው፣ መሪዎቹ ያለ በቂ ምክንያት ከተነሱ ክፍያው ወዲያው ይጠየቅ፣ ወይም ቢያንስ የተወሰነው ክፍል ዋስትና ይኑረው። ሦስተኛው፣ መዝገብ የማስመርመር መብት ይኑር፤ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ቢያንስ ሁለት ዓመት ወደ ኋላ፣ የተገኘው ጉድለት ከ5 በመቶ በላይ ከሆነም የምርመራውን ወጪ አሳታሚው ይሸፍን።

ጉርሻን በእጃችሁ ከሌለ መለኪያ ጋር ማሰር ደግሞ ትልቅ ስህተት ነው። ስቱዲዮው ኦብሲዲያን በ2010 ለወጣው ፎልአውት ኒው ቬጋስ ጌም ጉርሻ የሚያገኘው የተቺዎችን ነጥብ በሚያማክለው ድረ ገጽ በሜታክሪቲክ 85 ነጥብ ሲደርስ ነበር፤ ጌሙ 84 አገኘ፣ ጉርሻውም ቀረ። በ2012 በፍርድ ቤት ሰነድ አማካይነት የታወቀው የስቱዲዮው ቡንጂና የአክቲቪዥን ውልም ለመጀመሪያው ዴስቲኒ ጌም በተመሳሳዩ ድረ ገጽ በጌምራንኪንግስ 90 ነጥብ ቢገኝ 2.5 ሚሊዮን ዶላር የሚል አንቀጽ ነበረው። ተቺዎች ለእናንተ ውል ብለው ነጥብ አይሰጡም። በዚህ ላይ የመልቀቂያውን ቀን የወሰነው አሳታሚው ከሆነ፣ በስህተት የተሞላ ጌም ያመጣውን ዝቅተኛ ነጥብ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ።

የማይልስቶን ክፍያ ሲጓተት

ስቱዲዮ ብዙውን ጊዜ የሚንበረከከው የደመወዝ ገንዘብ ሲያልቅ ነው፤ ሕጉ ከጎኑ ቢሆንም እንኳ። 40 ሠራተኞች አሏችሁ፣ የእያንዳንዱ ሙሉ ወጪ በወር 8,000 ዶላር ነው እንበል። በወር 320,000 ይወጣል። አሳታሚው አንድ ማይልስቶን አልቀበልም ብሎ 45 ቀን ካዘገየ 480,000 ዶላር ከኪሳችሁ ይሄዳል። የሦስት ወር ወጪ በመጠባበቂያ ያልያዘ ስቱዲዮ በሁለተኛው ወር የቀረበለትን ማንኛውንም ማሻሻያ ይፈርማል። ባለቤትነት በርካሽ የሚሄደውም በእነዚህ ሳምንታት ነው።

መከላከያው በውሉ ውስጥ ይጀምራል። አሳታሚው ርክክቡ በተፈጸመ በ10 ወይም በ15 የሥራ ቀን መልስ ይስጥ፤ ዝም ካለ እንደተቀበለ ይቆጠር። ካልተቀበለ ጉድለቱን በዝርዝር ይጻፍ። ከሁለት ዙር እርማት በኋላ አዲስ ጉድለት ማንሳት አይቻል። በሥራ ላይ ደግሞ በቃል የሚመጣ የለውጥ ጥያቄ በዚያው ቀን ወደ ጽሑፍ ይለወጥ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚባለው እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል። ከስብሰባ እንደወጣችሁ የሚላከው ኢሜይል ይህን ያህል አጭር ሊሆን ይችላል፦

«በዛሬው ስብሰባ ሦስተኛው ምዕራፍ እንዲቀርና በምትኩ የብዙ ተጫዋቾች ክፍል እንዲጨመር ጠይቃችኋል። በእኛ ግምት ይህ 35 የሥራ ቀንና 210,000 ዶላር ይጨምራል፤ የአራተኛው ማይልስቶን ርክክብም በዚያው ልክ ይገፋል። በጽሑፍ እስክታጸድቁት ድረስ በነባሩ ዕቅድ እንቀጥላለን። የተሳሳተ የተረዳነው ነገር ካለ እስከ ዓርብ አሳውቁን።»

ቁጣም ወቀሳም የለበትም። ከስምንት ወር በኋላ ስቱዲዮው ዘገየ የሚል ደብዳቤ ሲመጣ ግን ይህ ኢሜይል ከአሥር ምስክር ይበልጣል።

ጭሱ ሲታይ

ጠብ ከመፈንዳቱ በፊት ጠረኑ ይታወቃል። ለረጅም ጊዜ የምታውቁት ፕሮዲዩሰር ይቀየራል። ቀድሞ ዝርዝር የነበረው አስተያየት «ደረጃውን አልጠበቀም» ወደሚል ጥቅል ቃል ይለወጣል። አሳታሚው ከእናንተ አልፎ የክፍል ኃላፊዎቻችሁን ለብቻ ማነጋገር ይጀምራል፣ ወይም የሶርስ ኮድ (የጌሙ የፕሮግራም ጽሑፍ) ማከማቻውንና የመደብር ገጹን ዋና መቆጣጠሪያ በድንገት ይጠይቃል። ከእነዚህ ሁለቱ በአንድ ወር ውስጥ ከታዩ ጠበቃ ያዙ፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና። ጠበቃው የራሳችሁ ይሁን። የስቱዲዮው ጠበቃ፣ ስቱዲዮው ከተሸጠ፣ የሚቆመው ለባለቤቱ ነው።

በዚህ ወቅት የሚደረግ አንድ ስህተት ጥሩ የነበረን ጉዳይ ሊገድል ይችላል። ከስህተቶቹ የመጀመሪያው ፋይል መገልበጥ ነው። በአንኖውን ወርልድስ ጉዳይ ክራፍተን መሪዎቹ ብዙ የኩባንያ ፋይል አውርደዋል ሲል ከሷል። ዓላማው ራስን መከላከል ቢሆንም እንኳ፣ ወደ ግል ድራይቭ የተገለበጠ ሰነድ ዳኛው ፊት ሲቀርብ ስርቆት ይመስላል። መብታችሁን የሚያሳዩ ሰነዶች ካሉ ዝርዝራቸውን፣ ቀናቸውንና ያሉበትን ቦታ ለጠበቃችሁ ንገሩት፤ በፍርድ ቤት ትእዛዝ የሚወጡበት መንገድ አለ። የእናንተ ቅጂ የሆኑትን የቅጥርና የሽያጭ ውሎች ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ ቤታችሁ አኑሩ።

ሁለተኛው ማጥፋት ነው። ክስ ሊመጣ እንደሚችል ከጠረጠራችሁበት ቀን ጀምሮ አንዲት መልእክት እንዳትሰርዙ፤ ቻቱ በራሱ የሚሰርዝ ከሆነም አስተካክሉት። በብስጭት ተጽፎ ያልጠፋ መልእክት ያሳፍራል፤ የጠፋው ግን ዳኛው ከእሱ የከፋ ነገር እንደነበረ እንዲገምት ያደርጋል።

ሦስተኛው በውል ላይ እያሉ ከተፎካካሪ ጋር መነጋገር ነው። አክቲቪዥን በዌስትና በዛምፔላ ላይ ያቀረበው ዋና ክስ ተቀጣሪ ሳሉ ከተፎካካሪው አሳታሚ ከኤሌክትሮኒክ አርትስ ጋር ተነጋግረዋል የሚል ነበር፤ በኋላም ኤሌክትሮኒክ አርትስን ራሱን ጨምሮ 400 ሚሊዮን ዶላር ጠየቀ። ቡድኑን ይዘን እንወጣለን ማለትም እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ይከታል። ለተጫዋቾች በአደባባይ መጻፍን በተመለከተ አጭሩ ምክር፣ ጠበቃው ያላነበበው አንድም መስመር አይውጣ የሚል ነው።

የማስታወቂያ ደብዳቤው

የውል ጥሰት ማስታወቂያ ስሜት የሌለበት ወረቀት ነው። አንቀጹን በቁጥር ይጠቅሳል፣ ድርጊቱን ከነቀኑ ይገልጻል፣ ምን ቢደረግ ጥሰቱ እንደሚታረም ይናገራል፣ በውሉ የተሰጠውን የማረሚያ ጊዜ፣ ብዙ ጊዜ 30 ቀን፣ ያስታውሳል። መጨረሻው ላይ ሥራ መቀጠላችን መብታችንን እንደተውን አይቆጠርም የሚል አረፍተ ነገር አይቅር። ከዚያ በእርግጥም ሥራውን ቀጥሉ፤ ሥራ ማቆም ጥፋቱን ወደ እናንተ ያዞረዋል።

በማረሚያው ጊዜ ውስጥ ለድርድር ተቀመጡ። የሚመጡት ሰዎች መወሰን የሚችሉ ይሁኑ፣ በየወገኑም ከሦስት አይብለጡ። ይህ ካልያዘ ወደ አስታራቂ መሄድ ከክስ በፊት መሞከር አለበት፤ እዚያ የሚነገረው ነገር በምስጢር እንዲያዝ መጀመሪያ ፈርሙ። ወደ ፍርድ ቤት የሚኬድ ከሆነ ደግሞ ምን እንደምትጠይቁ ለዩ። ገንዘብ ከሆነ ጊዜ አለ። ወደ ሥራ መመለስ ወይም የጌሙን ቀን ማስጠበቅ ከሆነ ግን በቀናት ውስጥ እግድና የተፋጠነ ችሎት መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ጌሙ በሌላ ሰው እጅ ተጠናቆ ከወጣ ዳኛው የሚመልስላችሁ ነገር የለም።

ቡድኑ

የመሪዎች ጠብ ሲነሳ በጣም የሚጎዱት ድርድሩ ላይ ያልነበሩት ሠራተኞች ናቸው። ከኢንፊኒቲ ዋርድ ጋር በተያያዘ 38 የቀድሞና ነባር ሠራተኞች ለብቻቸው ከሰው ነበር፤ አክቲቪዥን ችሎቱ ሊጀመር ሲል በ2012 የ42 ሚሊዮን ዶላር ጉርሻ ከፈላቸው። በአንኖውን ወርልድስ ጉዳይ ደግሞ ክራፍተን ከ250 ሚሊዮኑ 90 በመቶ ገደማ ለሦስቱ መሪዎች የተመደበ ነበር ብሎ በአደባባይ ተናገረ፤ በመሪዎቹ በኩል ገንዘቡን ለሠራተኞች የማካፈል ሐሳብ እንዳለ ተገልጿል። እንዲህ ያለው ክርክር ቡድንን ለሁለት ይከፍላል። መድኃኒቱ የሠራተኛው ድርሻ በመቶኛ፣ በስም ዝርዝርና በደብዳቤ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ መታወቁ ነው። በቃል የተገባ ድርሻ በጠብ ጊዜ ለአሳታሚው መሣሪያ ይሆናል።

ጠቡ ከተጀመረ በኋላ ለሠራተኞች የሚነገረው አጭርና እውነት ይሁን፦ ደመወዝ እስከ መቼ እንደተሸፈነ፣ ማን ምን እንደሚወስን፣ ከውጭ ሰው ሲጠይቃቸው ለማን እንደሚመሩ። ወገን እንዲይዙ አትጠይቋቸው።

መለያየት ከመጣ

ቡንጂና አክቲቪዥን በጃንዋሪ 2019 ሲለያዩ ዴስቲኒ ከቡንጂ ጋር ሄደ፤ የጌሙ ባለቤትነት ከመጀመሪያው በውላቸው የቡንጂ ስለነበረ የተመለሰው የማሳተም መብቱ ብቻ ነው። የዚህ ተቃራኒ የብሩታል ሌጀንድ ጌም ሠሪ የሆነውን ስቱዲዮ ደብል ፋይንን የገጠመው ነው። አክቲቪዥን ብሩታል ሌጀንድን ከዕቅዱ አወጣ፣ ኤሌክትሮኒክ አርትስ ተረከበ፣ በጁን 2009 ግን አክቲቪዥን መብቱን አልተውኩም ብሎ ጌሙ እንዳይወጣ ከሰሰ። ተስማምተው ጌሙ በኦክቶበር ወጣ። አሳታሚ ጌማችሁን ትቼዋለሁ ቢላችሁ፣ መብቱን የሚመልስ የተፈረመ ወረቀት ሳትይዙ ሌላ በር አታንኳኩ።

በዚያ ወረቀት ላይ የባለቤትነት መብቱና የንግድ ምልክቱ እንደሚመለሱ ሁሉም ያስታውሳል። የሚረሱት ትናንሾቹ ናቸው፦ የመደብሩ ገጽ ከነተከታዮቹና ከነግምገማዎቹ፣ የኮንሶል አልሚ መለያዎች፣ የድረ ገጹ ስምና የማኅበራዊ ሚዲያ ገጾቹ፣ የሰርቨር ቁልፎች፣ የተጫዋቾች የጨዋታ መረጃ፣ አሳታሚው ከፍሎ ያስተረጎማቸው ቋንቋዎች፣ በአሳታሚው ስም የተገዛ ሙዚቃና የድምፅ ተዋናዮች ውል። ለእያንዳንዱ አስረካቢ፣ ተረካቢና ቀን ይጻፍ። ሰርቨሮቹ በአሳታሚው ሂሳብ የሚሠሩ ከሆነ ደግሞ ቢያንስ 90 የሽግግር ቀናት ጠይቁ፤ አለበለዚያ መብቱ በተመለሰላችሁ ማግስት ጌሙ ለተጫዋቾች አይከፈትም።